ደረቁ ቦታ

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር፣ ውርጭ ያነጣው ማለዳ፣
ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ከሞርሳዬ ዘንዳ፣
የጌጤነህ ሚስት መጣች፣ በዝተት ጠቅልላ፣
እንደታመመ ልጅ በጀርባዋ አዝላ።

"ፍታልኝ" አለችኝ፣ "እሱ ከሞተ ወዲህ ከግድግዳው አልወረደም፤
ልሸጠው ነው፤ ገዢው ደግሞ ዝገት አይወድም።"

ሲሚኖፍ ነው። ሰደፉ በዋንዛ
የተተካ፣ በጉንጭ በትከሻ የወዛ።
ጎሬውን አየሁ፤ ባዶ። ደግሜ አየሁ፤ ባዶ።
ያስተማረኝ ጋሼ ወልደጻዲቅ ይለኝ ነበር ማልዶ፦
"'ባዶ ነው' ብሎ የማለ፣ እሱ ነው ሰው የገደለ፤
ጣትህን ክተት አንተ፣ ዓይን ያታልላል" እያለ።

ክዳኑን፣ ሞላውን፣ መዝጊያውን ከነተሸካሚው
በአሮጌ ሸራ ላይ፣ በአወጣጡ ተራው
ደረደርኩ፣ ኋላ እንዳይጠፋኝ መግቢያው።
የጋዙ ቱቦ ጠቁሯል እንደ ምድጃ ጥግ፤
ናፍጣ ነከርኩት፣ ፈገፈግኩት በወግ።
አፈሙዙን በጨርቅ ሦስቴ፣ አራቴ፤
አምስተኛው ነው ነጭ የወጣ፣ ከእናቴ
ነጠላ የቀደድኩት።

ሞላው ደክሟል፤ ከጤነኛው ጎን ሳቆመው
ሁለት ጣት ይጎድለዋል ቁመቱን ስለካው።
የብስኩት ጣሳዬን ዘረገፍኩ፤ ሁለት ሞላ፣ ሦስት መርፌ፣
አንዱ የቻይና፣ አንዱ የሞስኮብ፣ አንዱን አውቀዋለሁ በጫፌ፣
ከምስማር የተሞረደ ነው።
መልካቸው የእህትማማች ነው። ጋሼ ግን እንዲህ ይል ነበር፦
"በመዶሻ የገባ መለዋወጫ፣ በደም ነው የሚወጣ፤
በገዛ ክብደቱ ካልገባ፣ የሌላ ቤት ልጅ ነው፣ ይውጣ።"

ዘይትም አገር አለው። ወደ ቀወት ለሚወርድ
እፍኝ አይቀባም፤ ከአቧራ ጋር ቦክቶ ጭቃ ይወልድ።
እዚህ ደጋው ላይ ወፍራሙ ሌሊቱን ይረጋል፣
መዝጊያው በጠዋት እንደ ሽማግሌ ጉልበት ይንቀራፈፋል።
የስፌት መኪና ዘይት፣ ሁለት ጠብታ፣ በዶሮ ላባ፣
በሚፋተግበት ብቻ፤ ሌላው ሁሉ ለደንባ።

መዝጊያውን ጆሮዬ ላይ ይዤ ነቀነቅኩ።
ዝም።
መርፌው ልቅ ሆኖ፣ ቋ ቋ ማለት ነበረበት በቤቱ።
ፒኑን መትቼ አወጣሁት፤ ተለጥፎ ወጣ በፊቱ
ቢጫ ነገር፣ የረጋ፣ ባቄላ የሚያህል።
ቅቤ።
ጌጤነህ ቀብቶት ኖሯል፣ እንደ ልጅ አናት፣
ሳይሰስት፣ በየወሩ፣ ከጓዳው እየቀነሰ፣ በፍቅሩ ብዛት።

ያን ጊዜ የሰብስቤ ቤት ሠርግ ትዝ አለኝ። እኔም ነበርኩ።
ገና ሲያጎርስ፣ ምላጩን ሳይነካ ባረቀበት፤
የሰብስቤ ትንሹ ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደቀበት።
"አልነካሁም" አለ። ለሽማግሌ አለ፣ ለቄስ አለ፣
"ጣቴ ከውጭ ነበረ፣ በመድኃኔዓለም!" እያለ።
ሁለት በሬ ካሠ። ሰው ግን "ሰክሮ ነው" አለ።
ኋላ ራሱም አመነ። በቀኝ እጁ መጉረስ ተወ፤
እንዲሁ፣ ግራውን እየዘረጋ፣ ሞተ።

የድሮው መርፌ ጫፉ ተበልቷል። የሞስኮቡን ሞከርኩ፣
ደረቁን፣ ያለ አንዲት ጠብታ፤ ወርዶ ተቀመጠ። ፒኑን መለስኩ።
ልንገራት? የሞተ ሰው ምን ያደርግለታል?
ደግሞ ለሷስ? ማን ያውቃል።

"ነይ" አልኳት። መዝጊያውን ጆሮዋ ላይ ነቀነቅኩ።
ቋ። ቋ። ቋ።
"ምንድነው?"
"መርፌው ነው። እንዲህ ማለት አለበት።
ይቺ አንዲት ቦታ ብቻ ቅባት አይነካት፤
ከያዘው፣ ጥይት ሲገባ ሰው ሳይነካው ይተኩሳል።"

ወፍጮው ቆመ። መልሶ ተነሳ።
"በሱ ጊዜ እንዲህ አይልም ነበር።"
"አይልም ነበር።"

ሸራው ላይ ያለችውን ቢጫ ነገር በጣቷ ነካች፣
አሸተተች። ዓመታት ሆኖታል፤ ኮሰረቱን ግን ለየች።
"የኔ ቅቤ ነው" አለች።

ሂሳብ ጠየቀችኝ፤ ከፈለች፤ ስለ ገዢው አላነሳች።
አሮጌውን መርፌ ለምና፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች፤
ጠመንጃውን እኔ ዘንድ ትታ፣
ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ አልፋ፣
ወደ እነሰብስቤ ዳገቱን ስትወጣ አየኋት።