ምራቂ

ሴቱባል ወደብ ላይ ካሸር ነኝ፣ ዙልሚራ፤
ስሜ በፕላስቲክ ደረቴ ላይ 'ሚያበራ።
አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ ዕቃ ሳስጮህ ውዬ፣
የሰው ልብ ስትገዛ፣ ስትሸጥ አስተውዬ።

ማታ በር ሲዘጋ፣ ወለሉ ሲጠረግ፣
የወይራ ዘይቱን ነው ቀድሜ 'ምፈልግ።
ትናንት ስድስት ዩሮ። ነገም ስድስት ዩሮ።
ግን ዘጠኝ እጽፋለሁ፣ በቀይ ተሞነጫጭሮ
ከሥሩ ስድስት ይሰፍራል፣ ጎላ ደመቅ ብሎ፤
ጠዋት ሰው ይሻማል ቅርጫቱን አንጠልጥሎ።
ዘይቱ ያው ዘይት ነው፣ ዋጋውም ያው ዋጋ፤
ያልነበረው ዘጠኝ ሕዝቡን አንጋጋ።

ሴኞር ኦሌጋሪዮ፣ የጥንት መረብ ጠጋኝ፣
ሳንቲም የጎደለች እንደሁ ሁለቴ 'ሚያስቆጥረኝ፣
ቤቱ ከዚህ በር ሁለት መቶ እርምጃ ነው።
ዕቃ ቤት ማድረሻ ሦስት ዩሮ ያስከፍላል፤
‹አርባ ለሞላ ግን በነጻ ነው› ይላል።
ሒሳቡ ሠላሳ አንድ። ቆመ። አገጩን አከከ።
ተመለሰና ከታችኛው መደርደሪያ ተንበረከከ፤
የበለስ ማርማላታ፣ ሻማ፣ ሦስት ጣሳ የድመት ምግብ
አምጥቶ ከመረው፣ ሲደምር፣ ሲቀንስ፣ ሲያስብ።
ሦስት ዩሮ እንዳይወጣው ዘጠኝ ዩሮ ከፍሎ፣
ባዶ እጁን፣ እያፏጨ፣ ሄደ ቀና ብሎ።

ድመት ግን የለውም።

ዶና ፈሊስሚናን የጠራት ቢላዋ ነው፤
ለአሥር ዩሮ አንድ ቴምብር፣ ለሠላሳ ቴምብር ቢላው።
ካርዱ ሲታደል ግን አራቱ ተለጥፏል፤
ቤርናርዲኖ፣ አለቃዬ፣ ምስጢሩን ነግሮኛል፦
‹ከባዶ ጀምር ያሉት ሰው ከደጅ ይመለሳል፤
ጀምረሃል ያሉት ግን ገደልም ይሻገራል።›
የዶና ፈሊስሚና ጥርስ ሾርባ ነው 'ሚችለው፤
ሥጋ ቤቷ ከገባ ስንት ፋሲካ አለፈ፣
ካርዷ ግን በሳሙና፣ በሩዝ፣ በክብሪት ተለጠፈ።
በመጨረሻው ቀን ሃያ ዘጠኝ ይዛ መጣች፤
መዳፏ ላይ አራት ዩሮ። ዓይኗን ከቢላዋው ነቅላ ወደ እኔ አየች።
አንዷን ከመሳቢያዬ ሰርቄ ለጠፍኩላት፤
‹እግዜር ይስጥሽ ልጄ› አለች፣ እንባ እስኪሞላት።
ሁለት መቶ አምሳ የከፈለች እሷ፣
የተመረቅኩት እኔ።

ምራቂ ይሉታል፤
ምራቅ ነው፣ ልብ በሉ፣ ከሥሩ ሲታይ፤
አፍ ውሃ ሲያቋጥር ዓይን ዋጋ አያይ።

እኔስ? እኔማ አውቃለሁ።
ትናንት ግን በምሳ፣ ከሠላሳ ደቂቃዬ፣
ሃያውን በሰልፍ ፈጀሁት፣ ‹እርጎ በነጻ› ሲሉ ሰምቼ፣ እኔም ልድረስ ብዬ።
ብልቃጡ አውራ ጣቴን አያህልም።
እርጎ ደግሞ አልወድም።
መሳቢያዬ ውስጥ አሥራ ሦስት የስጦታ እስክሪብቶ አለ፤
አንዱ ብቻ ይጽፋል፤ ቀዩ።

ባለፈው ኅዳር፣ ዝናብ በሚወርድበት ዕለት፣
ሴኞር ኦሌጋሪዮ ከኮቱ ሥር አንድ ነገር ይዞ መጣ።
ሁለት ጆሮ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ጢም ወጣ።
‹ያ ጣሳ ከሚበላሽ ብዬ ነው› አለኝ አፍሮ፤
‹ጎረቤት ሰጠኝ፣ ያለ አንዳች ዩሮ።›
ስሟንም ነጻ ብሏታል።

ነጻ በሳምንት አምስት ጣሳ ትበላለች።
ለክትባት ሠላሳ አምስት፣ ለአሸዋዋ ስድስት፣
መጋረጃ ቀዳለች፣ እሱም ሌላ ሒሳብ አለው።
በልቤ ደመርኩና ልነግረው አፌን ስከፍት፣
ቀደመኝ፦
‹ማታ ቁልፌ ሲንቋቋ በር ላይ ትጠብቀኛለች።
ዙልሚራ፣ ይህንንስ በስንት ትመቺዋለሽ?›

ጣሳዎቹን አስጮህኳቸው።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።
‹ቴምብር ይፈልጋሉ? አሁን ተራው የድስት ነው።›

ነጻን ወደ ብብቱ መለሳት። ትንሽ አሰበ።
‹ካርዱ› አለ ዝቅ ብሎ፣ ‹ስንቱ ተለጥፎ ነው የሚሰጠው?›