ትንሽ ዞር ይበሉ

አለቃዬ ዛሬም በስልክ ተቆጣኝ፦
«ፎቶህ ሰው በዛበት፤ እርከኑ ጠፋኝ!
ክርን፣ ጆሮ፣ የልጅ እግር... ምንድን ነው ይኼ ሁሉ?»
ዝም አልኩት።
አንዳንድ ነገሮች በስልክ አያልቁም፣ ሲወሩ ቢውሉ።

ሲጀመር ትእዛዝ ነው፦ በቀን አንድ ፎቶ፣
እርከኑ ተሠርቶ፣ ችግኙ በርክቶ፣
ቀንና ሰዓቱ ከጥጉ ላይ ወጥቶ።
እኔ ግን ለራሴ አስቀረሁ በቀን አንድ፣
ለማንም የማይላክ፣ ወረዳ የማይሄድ።

ጥቅምት ሦስት ድንች፤ ማዳበሪያው ጠግቦ፣
አፉ አልዘጋ ብሎ፣ ስፌቱ ተስቦ።
ጥቅምት አራት በቅሎ፤ የባሕር ዛፍ አጣና
እንደ ክንፍ ዘርግታ መንገዱን ሞላችና
ልጆች ቦይ ውስጥ ገብተው እስክታልፍ ቆሙ።
አምስት የለም። ዝናብ። ሶላሩም ስልኩም አብረው ደከሙ።

ስድስት፦ የወፍጮ ቤቱ ይስማው። ቅንድቡ ዱቄት፣ ጢሙ ዱቄት።
ምስሉን አይቶ ሳቀ፦
«በአንድ ቀን ሽምግልና፣ ያውም ያለ ሽበት!»

ሰባት፦ የቦኖው ተራ። ሰው የለም፤ ጀሪካን ብቻ ተሰልፎ፣
ክዳን የጠፋበት በድንች ተወትፎ።
ከአጥር ወዲያ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል፤
ቢጫው ጎረቤቱን ቢጫ ያማል።

ሌላ ቀን፦ መምህርት ትሁን፣ ሚስማር በጥርሷ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣
ወንበር በድንጋይ ስትጠግን፦
«ይኼ ምኑ ይነሳል? አጥፋ!»

ከዚያ ቁጥሩ ጠፋኝ።
ፎቶ ፊት የሌለው ቀን አለ፦ ጭቃ፣ የጫማዬ አፍንጫ፣
ጣቴ የጋረደው ግማሽ ሰማይ፣ የውሻ ሩጫ።
አልደመሰስኩትም።
እሱም ቀን ነበረ፤ ውሎ ነው የመሸው፣ ዝም ብሎ አልጨለመም።

ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ከአያ ስንሻው አውድማ፦
አዲስ የገብስ ዘር ነው፣ ክምሩ እንደ ማማ።
ንጹሑን ላወጣ፣ ገብሱን ብቻ ላገኝ፣
«አያ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ።»
ዞር አሉ፣ መንሻቸውን ትከሻ ላይ ጥለው፤
«ደግ ነው» አሉ ስቀው፣ «ከኔስ ገብሱ ነው ወዝ ያለው።»

አነሳሁ። ላክሁ። ረሳሁ።

ጥር ሲጋመስ ደረታቸውን ያዛቸው።
በሌሊት፣ በቃሬዛ፣ ወደ ፈረስ ቤት ስንወስዳቸው
ስልኬ ባትሪ ነበር፣ ከፊት መንገድ አሳይ።
ያን ሌሊት እሳቸውን አነሳን፣ በትከሻ።
ሌላ ምስል የለም የሚታይ።

አርባቸው ሲወጣ ወይዘሮ አንጓች መጡ፣ ነጠላ አዘቅዝቀው።
«ሁሉን ታነሳለህ አሉኝ» አሉ፣ ደጃፌ ድረስ ዘልቀው።
«በቅሎ አንስተሃል። ጀሪካን አንስተሃል።
እሱንስ የት አነሳኸው? መልኩ እየሸሸኝ እንቅልፌን ወስዶታል።
የመታወቂያውን ዝናብ ገብቶበት አገጩ ነው የተረፈ።»
አውራ ጣቴ ገለጠ፣ ገለጠ፣ አለፈ፦
ድንች። በቅሎ። ይስማው። ጭቃ።
ሁለት ሰው፣ አንድ ስልክ፤ ስንሻው፣ ስንሻው፣ በቃ።
ስም ያወጣ ሰው፣ ለካ ይህን ቀን አስቦ ነው።
ክምሩ መጣ፦ ንጹሕ፣ ሰው አልባ፣ እኔ እንዳልኩት የሆነው።

ስልኩን ነጠቁኝ፤ በነጠላቸው ጫፍ ከፀሐይ ከለሉ።
«ይኸው!» አሉ።

ከክምሩ ግርጌ፣ መሬት ላይ፣ የረዘመ ጥላ፤
መንሽ በትከሻው፣ አንገቱ ወደ ኋላ፣
ሊስቅ ሲል የቀረ።
ሦስት ወር ሙሉ ከኪሴ ነበረ።

«የቤቴ ጥላ ነበር» አሉ፣ «ድሮም።
ይኼንኑ አሳጥብልኝ። ሌላ አልሻም።»

ቅዳሜ ደምበጫ ወረድኩ።
የፎቶ ቤቱ ልጅ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተክሎ ዓይኑን፣
«ጋሼ፣ ላጥፋልህ?» አለኝ፣ «ያበላሸውን ጥላውን?»

«እሱን ተው። ገብሱን
ቁረጥልኝ፣ ገብሱን።»