ከነጥቡ ኋላ

አርብ ማለዳ ነው፤ የፍሪስላንድ ንፋስ ከቦዩ ማዶ ያፏጫል፣
ቲየርድ ቦቲውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ገብቷል።
ከኮቱ ደብተር አወጣ፣ ጠርዙን ጥጃ የላሰው፣
ገጹን በእርሳስ ቁጥር ከዳር ዳር የሞላው።

«ሬንስከ» አለኝ፣ «እስኪ ንገሪኝ፣ ሰባቴ ወዴት ሄደች?
ባውክየ ትናንት ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሰባት ኪሎ ታለበች፤
ያንቺ ወረቀት ሠላሳ ስምንት ብሎ ዝም ይላል።
ሌባ ነው እንዳልል፣ ሌባ ሽራፊ ትቶ ድፍኑን ይወስዳል።»

ሳቅሁ መጀመሪያ። ከዚያ የድሮ ኮዴን ከፈትሁ፣
ከስምንት ዓመት በፊት፣ ሌሊት፣ ቸኩዬ የጻፍሁትን አየሁ።
አንዲት ቅንፍ ነች፣ ቅንፏ ውስጥም አንድ ቃል፦
«ሙሉ ቁጥር ሁን»። አስርዮሹም እሺ ብሎ ይሆናል፤
አያጠጋጋም፣ አይጠይቅም፣ በይሉኝታ አይሞትም፣
ነጥቡ ላይ ሲደርስ ይቆርጣል፤ የተቆረጠው ደም የለውም።

«ስማኝ» አልሁት፣ «አዎና አይደለም ብቻ የምታውቅ ሳጥን አለች፣
አንዲት ፊደል የምትይዝም፣ ለሁለት የማትበቃ፣ ጠባብ ነች፤
ድፍን ቁጥር የሚያድርበት፣ ሽራፊ የማያሳድር ጌታ፣
ነጥብ ይዞ የመጣውን ሁሉ ከነጥቡ የሚያፋታ።
እኔ ያንተን ወተት ከሰፊው ወደ ጠባቡ ገለበጥሁ፤
ትርፉ ፈሰሰ። ስምንት ዓመት ሙሉ ወለሉን አላየሁ።»

«መልሺው እንግዲያ ወደ ሰፊው» አለ፣ ትከሻውን ነቅንቆ።
መለስሁት። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ዜሮ፤ ክፍሉ ሰፊ፣ ዕቃው ግን አልቆ።
ቤት ቢያሰፉለት የሄደ እንግዳ ዞሮ አይመጣም፤
ዜሮዋ ምስክር ሆና ቆማለች፦ «እዚህ ማንም አልነበረም።»

ገና አላለቀም። ያቺ ደብተር የላሰች ጥጃ ጆሮዋ ላይ ቢጫ ምልክት አለ፣
ዜሮ አራት አንድ ሰባት፤ እኔ ዘንድ አራት መቶ አሥራ ሰባት ተባለ።
ስም እኮ አይደመርም! ቁጥር አደረግሁት፣ ጽሑፍ መሆኑን ዘንግቼ፣
የፊቷን ዜሮ እንደ ትርፍ ጥፍር ቆርጬ።
ከማዶ በረት ኮርማ ጋር መዝገቤ አንድ አረጋቸው፤
ማሽኑ ምን ገዶት! ሁለቱም «ከብት» ከሚል ክፍል ነው ውልደታቸው።

ደብተሩን ትቶልኝ ሄደ። ቅዳሜን፣ እሑድን ተቀምጬ፣
ሽራፊ በሽራፊ የዘንድሮውን መለስሁ፣ ዓይኔን እርሳሱ ላይ አፍጥጬ።
ሜይ አሥራ አንድ ላይ፣ ጥጃዋ ከላሰችው ጋ ደረስሁ፤
ነጥቡ አለ፤ ከነጥቡ ኋላ ግራጫ ጭጋግ ብቻ አየሁ።

ጣቴ ወደ ዜሮ ሄደ። ቆመ።
ዜሮ መልስ ነው፤ እኔ ግን መልስ የለኝም።
ሳጥኑን ባዶ ተውሁት።

ሰኞ ስነግረው ቲየርድ ቦቲውን እያጠለቀ፣
«እሱን እንግዲህ ጥጃዋ ታውቀዋለች» ብሎ ሳቀ።