ውሃ ቀጠነ

ጠብ ያማረው ሰው፣ በቋንቋዬ፣
«ውሃ ቀጠነ» ብሎ ይነሳል፤
እኔ ግን ለዚሁ ደሞዝ ይከፈለኛል።

በወር አንድ ማክሰኞ፣
ስዊድን፣ ግሩቭሼን መንደር ዳር፣
የመዳብ ማዕድኑ ከተዘጋ ሃያ ስድስት በረዶ ባለፈበት፣
መኪናዬን ከጥዱ ሥር አቆማለሁ።
የቧንቧውን ክዳን ውርጭ ነክሶታል፤
በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጌ እመታዋለሁ፣
የሰው በር እንደሚያንኳኳ።

የመለኪያውን ገመድ እሰዳለሁ፣ ቁልቁል፣ ቁልቁል፤
ውሃ ሲነካ «ጢጥ» ይላል።
ስምንት ሜትር ከአርባ ሁለት።
ባለፈው ከሠላሳ ዘጠኝ ነበር፤
ሁለት ጣት ያህል ሸሸ አልኩ፣ ጻፍኩት።

የመጀመሪያው ውሃ አይታመንም።
ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ከርሟልና
የድንጋዩን ጉዳይ አያውቅም፣
የሚያወራው ስለ ቧንቧው ነው።
ሦስት እጥፉን ቀድቼ እደፋለሁ፤
ፓምፑ ያጉረመርማል፣ ጣቴ ይደነዝዛል፣
ቁጥሮቹ እስኪረጉ እጠብቃለሁ።
ምስክርም እንዲሁ ነው፤
አጉል ወሬውን ጨርሶ
ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው እውነቱ።

ከዚያ ጠርሙሶቹ።
ለብረቶቹ፣ በቀጭን ማጣሪያ ካለፈ በኋላ
ጥቂት ጠብታ አሲድ፤
አለዚያ መዳቡ ከጠርሙሱ ግድግዳ ይለጠፋል፣
ሲጠሩት አቤት አይልም።
አንዱ ጠርሙስ ደግሞ «ባዶ» ይባላል፦
ከቤተ ሙከራ የመጣ ንጹሕ ውሃ፣
እዚህ ከፍቼ፣ አየሩን አሳይቼ፣ መልሼ የምዘጋው።
እጄ ቆሽሾ እንደሆነ በእሱ እያዛለሁ።
ለኑሮዬም እንዲህ ያለ ጠርሙስ በኖረኝ
የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ እዚህ ጋ ይመጣብኛል፤
ክዳኑን ስገጥም ይሄዳል።

ሰባተኛው ጉድጓድ ግን…
ሰልፌቱ ከሦስት ወቅት ወዲህ እየጨመረ ነው።
ሰልፌት። ስሙ ራሱ ሰልፍ አለበት።
ፊታውራሪው ነው፣ ቀድሞ ይደርሳል፤
ደጀኑ ገና ከአለቱ ውስጥ ነው፣
ዚንኩ፣ ካድሚየሙ፣
ድንጋይ ድንጋዩን እየተደገፉ።

አለቃዬ ሶልቬይ ሰንጠረዡን አይታ
«ከገደቡ በታች ነው» ትላለች።
አልተሳሳተችም። ገደቡ ሁለት መቶ ሃምሳ፣
እኛ መቶ ዘጠና።
አምና ግን ስልሳ ነበርን።
«አዝማሚያ የሚል ዓምድ የለም እኮ» አልኳት፤
«አስተያየት የሚለው ላይ ጻፈው» አለችኝ።
ጻፍኩ። ከገጹ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል።
ውሃ በላው።

የቶርግኒ ቤት ከሰባተኛው ቁልቁል ነው፣
አራት መቶ እርምጃ፣ ቆጥሬዋለሁ።
የእሱ ጉድጓድ ከዝርዝራችን የለም፤
አባቱ የቆፈረው ነው፣
ቀን ለኩባንያው፣ ማታ ለቤቱ ይቆፍር የነበረው አባቱ።
ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ በር ላይ ቆሞ
ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦
«ውሃው እንዴት አደረ?»
እንደ ታመመ ዘመድ።
እኔም «ደህና ነው፣ ከገደቡ በታች» እላለሁ።

ዛሬ «ግባ፣ ጣቶችህ ሰማያዊ ሆነዋል» አለኝ።
ብርጭቆ አነሳ፣ ቧንቧውን ከፈተ፣
ሞልቶ ሰጠኝ፦
የጠራ፣ ቀዝቃዛ፣
መስኮቱ በውስጡ ተገልብጦ የሚታይበት።
ጠምቶኛል፣ እውነት ነው፤
ጠዋቱን ሙሉ ውሃ ስደፋ ነው የዋልኩት።
እጄን ዘረጋሁ።
እጄ ግን መንገድ ላይ
አንዲት ትንፋሽ ታህል ቆመች፣
ቁጥር ስትቆጥር።

ከዚያ ጠጣሁ። እስከ ጭላጩ።
ይጣፍጥ ነበር።
ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው።

ቶርግኒ ስጠጣ አላየኝም፤
ያየው ያችን ትንፋሽ ነው።
ብርጭቆውን ተቀበለኝ፣ በዚያው ውሃ አለቀለቀው፣
ጠረጴዛው ላይ በአፉ ደፋው፣
«እሺ» አለ፣ «እንግዲያው የእኔንም ቅዳልኝ።»

አንድ ትርፍ ጠርሙስ ነበረኝ።
መለያ ቁጥር የለውም፣ ዓምድ የለውም።
ክዳኑ ላይ በእርሳስ ስሙን ጻፍኩ፣
በረዶው ሣጥን ውስጥ ከባዶው ጎን አስቀመጥኩት።
መንገዱ በነቀነቀን ቁጥር ሁለቱ ይጋጩ ነበር፣
ጠብ እንዳማራቸው ሰዎች፣
እስከ ከተማ ድረስ።
አልገላገልኳቸውም።