ከምርመራው ዓምድ

ጢቅ ጢቅ ትላለች የመለኪያዬ ጎማ፣
ደሴን ስለካት ውዬ፣ ከጠዋት እስከ ጨለማ።
ቁልቁለት ናት ከተማችን፣ ጦሳ ላይ የተደገፈች፣
ሐምሌ በመጣ ቁጥር ድንጋይ ለቦርከና ገብራ የተረፈች።

ከባሕር ዳር ቅጽ መጥቷል፤ ቀመሩ አለው ሦስት ዓምድ፦
የነዋሪው ቁጥር፣ የመኪናው ቁጥር፣ የአስፋልቱ መንገድ።
ዳገቱን አይጠይቅም፣ ዝናቡንም አይል ስንት፣
ሰውንም ነዋሪ ብሎ ይቆጥረዋል፣ እግር የሌለው ፍጥረት።

ደግሞም አለ አንድ ሕግ፣ ሲነበብ የሚያምር፦
«ግማሹን ሰፈሩ ያዋጣ፣ ግማሹን መንግሥት ይጨምር።»

ከታች ባለፎቆቹ በአንድ ቅዳሜ አዋጥተው
ግማሹን ቆጥረው ሰጡ፤ ግማሹ መጣ ተከትሏቸው።
የእግረኛ ንጣፋቸው አሁን ለስልሶ ያበራል፣
የአበባ ሣጥን እንኳ በየሜትሩ ቆሟል።

ላይኛው ሰፈር ግን፣ የእንድሪስ ሙሄ ደብተር
ሦስተኛ ክረምቱ ነው፣ በአሥር በአሥር ብር፤
የጉሊቷ፣ የሸማኔው፣ የሊስትሮው ስም ተጽፎ፣
ግማሹ ሊሞላ ሲል የድንጋዩ ዋጋ ያመልጣል አልፎ።

ዛሬ በዚያ መተላለፊያ ጎማዬን ስገፋ፣
ጦይባ ጠበቀችኝ፣ የክራንቿ ጫፍ በጭቃ ተደፍኖ፣ እሷ ግን ሳትከፋ።
«ስንት አለልህ?» አለችኝ። «መቶ ሠላሳ ስምንት ሜትር።»
«እኔ ስለካው» አለች፣ «ሁለት ውድቀት፣ አንድ ስብራት፣ ከቤቴ እስከ ባጃጁ በር።

ሳሙናዬ ላይ ከፍያለሁ፣ ጋዙም ላይ፣ ባጃጁም ላይ፤
ሲወስድ ሙሉ ሰው ነኝ፣ ሲመልስ ግማሽ ነኝ ወይ?»

መልስ አልነበረኝም። ጎማዋ እንኳ ዝም አለች።

ቅጹን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት።
ከዓምዶቹ ሁሉ ዳር፣ ጠባብ፣ ማንም የማይሞላት፣
«ምርመራ» የምትባል አለች።
እዚያ ጻፍኩ፦

«በየአምስት ሜትሩ አንድ ሜትር ይወጣል። ጎርፉ በቀኝ ይበላል።
ከአሥር ሰው ዘጠኙ በእግሩ ይሄዳል።
ላለው ሰፈር ሩቡ ይበቃል፤ የሌለውን እስኪሞላ አትጠብቁት፤
በጀቱን ከመደልደል በፊት መሬቱን መጥታችሁ ደልድሉት።»

ዓምዷ ጠበበችኝ። ጽሑፌ ወደ ኅዳጉ ፈሰሰ፣
«ሩብ» ያልኩት ቃል በአንድ ጠብታ ራሰ።
ባሕር ዳር የሚያነበው ይኑር አይኑር አላውቅም።
ጦይባ ግን ክራንቿን ከጭቃው ነቅላ፣
«በል ግፋ» አለችኝ፣ «ገና አላለቀም።»