ከዘራ የማይዝ ሰው

ባሕሬን፣ ሙሐረቅ ጥግ፣ መንደሩ አርባ ቤት ነበረ፣
ባሕር ተደፍኖ፣ ለአዛውንት ጸጥታ የተመተረ።
ዛሬ አራት መቶ ነው፤ በሩ ግን ያው አንድ፣
አደባባዩም አንድ፣ መውጫውም አንድ መንገድ።

“ጡረታ የወጣ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?” ይባላል፤
ጠዋት በሁለት ሰዓት የኩላሊት እጥበት ይጠብቀዋል፤
የዓይን ቀጠሮ አለው፣ የወዳጅ ቀብር አለው፤
ቀብር ደግሞ ሰልፍ አይጠብቅም፣ ፀሐይ ነው የሚያስቸኩለው።

ሰልፉ እስከ ባሕሩ ጫፍ፦ ላንድክሩዘር፣ የውሃ ቦቴ፤
ፒዛ የጫነው ሞተር በእግረኛ መንገድ ሲበር ይከዳኛል ጉልበቴ።
አምቡላንስ ይጮሃል፤ ቢለቁለትስ የታል ቦታ?
ጮሆ ጮሆ ደከመው፣ ቆመ እሱም በዝምታ።

ባባ ጃዕፈር ዊልቸር ጠሉ፤ “ወንበር መቆም ነው ሥራው” ይላሉ፤
እኔ ባዶውን ስገፋ፣ በከዘራቸው ይቀድማሉ።
ማዶ ዳቦ ቤት አለ። ትኩስ ኹብዝ ይሸታል።
አረንጓዴው ሰውዬ መብራቱ ውስጥ ይራመዳል፦
ከዘራ የማይዝ፣ ወገቡ ቀጥ ያለ፣ ላብ የማያውቅ፣
ሃያ ሰከንድ ኖሮ፣ ቀልቶ ቆሞ የሚደርቅ።

ሁልጊዜ መሃል እንቀራለን። ክላክስ ከግራ፣ ክላክስ ከቀኝ።
ትናንት ግን ባባ ጃዕፈር ሳቁ፤ ሳቃቸው አስደነገጠኝ።
“ማዘጋጃ ቤት ሳለሁ፣ የመብራቱን ሂሳብ የሠራሁት እኔው፤
ሰው በሰከንድ አንድ ሜትር ከሃያ ይሄዳል፣ ብዬ ጻፍኩ በእጄ።
ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ‘ሰው’ ያልኩት ራሴን ነበር፣ ልጄ።”

ቤት ገብተን ወረቀት አሉኝ። ማስመሪያው በእጃቸው ተንቀጠቀጠ፤
ቀጥ ሊል የተነሣው መስመር ወደ ሞገድ ተለወጠ።
መንገዱ መሃል ደሴት ሳሉ፣ ደሴቱ ላይ ጥላ፣
ጥላው ሥር ሁለት ሰዎች፣ አንዷ ከኋላ።
ከዚያ ኮሪደሩን ሃያ አራት ሜትር ለክተው
“ቁጠሪ” አሉኝ። በአማርኛ ቆጠርኩ፣ በአረብኛ ጻፉት እሳቸው፦
አርባ አንድ ሰከንድ።
ደብዳቤው ሄዷል። መልስ የለም።

ዛሬ መሃል ስንደርስ ሰውዬው ቀላ።
ባዶውን ወንበር መስመሩ ላይ አቁሜ ፍሬኑን ረገጥኩ፤
“ይቀመጡ” አላልኩም፤ መደገፊያውን ብቻ ያዝኩ።
ተቀመጡ ባባ ጃዕፈር።
ከዘራውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ።

ላንድክሩዘሩ ዞሮን አለፈ። ቦቴው ዞሮን አለፈ።
ሞተሩ እንኳን ፍጥነቱን ቀንሶ በርቀት ቀዘፈ።
ባባ ግራ ቀኙን በዓይናቸው ለኩ፤
“ጠቧል ደሴታችን፣” አሉ፣ “ግማሽ ሜትር ይጨመርበት።”