የፓምፕ ቤት፣ ቁጥር ሦስት

ከሶሐር በስተላይ፣ የቴምሩ እርሻ አልቆ፣
ጠጠሩ ሲጀምር ከተራራው ወድቆ፣
አንድ ቤት አለላችሁ፣ አጎንብሶ ያለ፣
ጉልላት ያላየ፣ መስቀል ያልሰቀለ።
ከሩቅ ያየው ሁሉ መጋዘን ይለዋል፤
የቀረበም ቢኖር ዐይቶት ያልፈዋል።

እኔ ግን በእጄ ነው፣ በጨርቅ የማውቀው፣
ሐሙስ ረፋድ መጥቼ ወለሉን ሳጥበው።
ርዝመቱ በርምጃዬ ዐሥራ አንድ ይሞላል፤
ወርዱ ስድስት ሊሆን ግማሽ ይጎድለዋል።
ግድግዳው ክንድ ተኩል፣ ጭቃ በሳሩጅ ነው፤
ሳሩጅ የሚሉትም አፈር ተቃጥሎ ነው፣
ደቅቆ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ድንጋይ የሚሆነው።
መስኮቶቹ ሁለት፣ ከጀሶ ተጠርበው፣
ብርሃኑን እንደ ዱቄት የሚነፉ ወንፊት።
ጣራው ዘጠኝ ግንድ ነው፣ የቴምር፣ ሰሌን ያለው፤
አምስተኛው ጎብጦ ሊወድቅ ሲል የዳነው
ዴቫሲ በሽቦ ጥፍር አርጎ ቢያስረው።

ዴቫሲን አላየሁም። ሽቦውን አያለሁ፤
የቀረውን ታሪክ ከካይታኖ ሰማሁ።
ካይታኖ የጎዋው፣ የካምፑ ወጥ ሠሪ፣
ሰማንያ ሊሞላው፣ ዛሬም ሻማ አብሪ፣
እያሳለ ያወጋል፦
«መዳቡ ሲወጣ፣ ካምፑን ሰው ሲሞላው፣
ውሃችን ከዚህ ነበር፣ ፓምፑ የሚስበው።
ኋላ ጉድጓዱ ጨው ሆነ፤ ሞተሩን ነቀሉ፣
ቤቱንም ለጊንጥ፣ ለነፋስ ጣሉ።
መካኒክ ዴቫሲ ቁልፉን ሳይመልስ ቀረ፤
አንድ ዓርብ ሻማ ለኮሰ፤ በዚያው ተጀመረ።»

መንበሩን ያየ ሰው እብነ በረድ ይላል፤
ልብሱን ገልጦ ላየ ሲሚንቶ ይሆናል፣
ሞተሩ የቆመበት፣ ዘይት የጠገበ።
አራቱ ብሎኖች እንደቆሙ አሉ፣
የመንበሩን ልብስ ጥግ ጥጉን ይዘው ያድራሉ፤
ነፋስ በመስኮቱ እንዳሻው ቢገባ
አንድ ጫፍ አይነሣም።
ቱቦ ያለፈበት ክብ ቀዳዳ ደግሞ፣
የናስ መዝጊያ ገጥሞ፣
ቁርባኑን ይጠብቃል።

እመቤታችንን ፊዴሊና አመጣቻት፣
ከማኒላ በሻንጣ፣ በፎጣ ጠቅልላት።
አፍንጫዋ ተጭሯል፤ በፍተሻው ይሁን፣
ወይም በመንገድ ይሁን፣
ማንም አይጠይቃትም።

ደወል የለም። ካይታኖ የድስት ክዳን ይዞ
በማንኪያ ይመታል፣ ሦስቴ ብቻ፣ አደንዝዞ።
ከምባታ ያለችው የደብራችን ደወል
ሦስት ጋራ ትሻገራለች፤
ይህች ከበሩ አታልፍም፣ እዚያው ትተኛለች።

በሩ የኸልፋን ነው፣ የጎረቤታችን።
ጎርፉ ያባቱን ቤት ጠርጎ የሄደ ዕለት
የተረፈው ይህ ነው፣ አበባ የተቀረጸበት።
«ቤት የሌለው በር» አለ፣ «ምን ይሠራልኛል?
በር የሌለው ቤት ግን ከእርሻዬ ጎን ቆሟል።»
ላዩ ላይ በዓረብኛ «በሰላም ግቡ» ይላል፤
አጭር ነው፣ ጎንበስ ያላለ ግንባሩን ይላጣል።
ጳጳሱም አንድ ጊዜ ሊባርክ ሲመጣ
ቀድሞ በሩ ነው የባረከው።

ወለሉ ወደ መሐል ያዘነብላል ጥቂት፤
ለውሃ ነዋ፣ ጥንት።
የወደቀ ሁሉ ፍሳሹ አፍ ይገኛል፦
የመቁጠሪያ ዶቃ፣ ባይሳ፣ የልጅ ቁልፍ፣
አንድ ጊዜም ጥርስ፣
ባለቤት ያልመጣለት።

ባለፈው ሐሙስ ታዲያ፣ እጣቢ ሳወጣ፣
ከማዘጋጃ ቤት ልጅ እግር ሰው መጣ።
ሜትሩን ዘረጋ፣ ግንቡን ነካካና
መዝገቡን ገለጠ፤
«የፓምፕ ቤት፣ ቁጥር ሦስት» ብሎ አነበበና
መንበሩን አየ።
ሻማውን አየ።
አፍንጫዋ የተጫረውን እመቤት አየ።
ዝም አለ።
«ውሃ ያወጣል ወይ?» አለኝ በመጨረሻ።
ጨርቄን ጨመቅ አድርጌ
«ዓርብ ዓርብ» አልኩት።
ጻፈው።
ሲወጣ ጎንበስ ማለቱን ዘነጋ፤
ግንባሩን እያሸ
ዞሮ ጽሑፉን አነበበ።